ለወላጆች፦ የሦስት ቀን የሮም ጉዞ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ትልልቆቹ የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎቻችን በኦክቶበሩ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሮም ይሄዳሉ። ሐሙስ ጠዋት ከፍራንክፈርት ተነስተን ቅዳሜ ማታ እንመለሳለን። እኔና ሦስት መምህራን አብረናቸው ነን።

ኮሎሲየምንና ፓንቴዮንን ያያሉ። ትሬቪ ፏፏቴ ውስጥም ሳንቲም መወርወራቸው አይቀርም። እኔን ያጓጓኝ ግን ሌላ ነው።

ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ድሮ ሮም ለሚደርሱ መነኮሳቶቻችን ማረፊያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሮም ሄዶ እዚያ የነበሩትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አማርኛን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሉዶልፍ የጻፈው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በ1698 ታተመ። የት መሰላችሁ? እዚሁ ፍራንክፈርት! ልጆቻችን በየቅዳሜው ሀ ሁ የሚቆጥሩባት ከተማ። ቅዳሜ ጠዋት ልጅ ቀስቅሶ ማምጣት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ይህን ታሪክ ልጆቹ እዚያው ሆነው እንዲሰሙት የምፈልገውም ለዚህ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ልብ ስለማይገባ፣ የባሲሊካውን ጉልላት 551 ደረጃ ወጥተን ከላይ ወደዚያ እናያለን።

ፖርታ ካፔና አደባባይም እንሄዳለን። በ1937 የተወሰደብን የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አንዲት እናት «የሌለ ነገር ለማየት ነው የምትሄዱት?» አሉኝ። አዎ፣ ለዚያው ነው። 24 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ ከዚያ ተነስቶ አገሩ መግባቱን ቦታው ላይ ቆመው ያስቡት።

የሮም መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ የለመዱትን ጫማ ያድርጉ። ለባሲሊካው ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። የውሃ ጠርሙስም ይያዙ፤ በየመንገዱ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ በነፃ አለ። ዓርብን ለሚጾሙ ማሪናራ ፒዛ አይብ የለበትም። ሐላል ብቻ የሚበሉትን አስቀድማችሁ ንገሩን።

እባካችሁ የልጆቹን ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ ዛሬውኑ እዩት። ጊዜው ያለፈበት ካለ ማሳደሱ ሳምንታት ይፈጃል። ክፍያው የሚከብደው ወላጅ ለብቻዬ ይንገረኝ፤ በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም። የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ በሚመጣው ቅዳሜ ልጆቹን ስታመጡ ስጡን።

አክባሪያችሁ፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር