የቴአትርና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሠላሳ ወፎች በአንዲት ተዋናይት

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው አባላት መዝግቦ፣ ኮሚቴ አስመርጦ፣ በየሳምንቱ እየተሰበሰበ የትምህርት ቤቱን በዓላት በግጥምና በጭውውት አድምቋል። የዓመቱ ዋና ሥራችን ግን የኒሻፑሩ ፋርሳዊ ባለቅኔ ፈሪዱዲን አጣር በ12ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰውን «የወፎች ጉባኤ» የተሰኘ የሱፊ (የእስልምና መንፈሳዊ ተመስጦ) ምሳሌያዊ ግጥም በአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለመድረክ ማብቃታችን ነው።

«ለምን አንድ ተማሪ ብቻ?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ከ4,000 በላይ ጥንድ ስንኞች ያሉትን ድርሰት አሳጥረው ወደ አማርኛ የመለሱት፣ ከበሮ የመቱትና መድረኩን ያሰናዱት ሌሎቹ አባላት መሆናቸው ይታወቅልን፤ ለሠላሳ ወፎች ልብስ የሚበቃ በጀት ቢኖረንማ ሠላሳ ተዋንያን ባሰለፍን ነበር። የተሰጠን ገንዘብ የበቃው ለአንድ ነጠላ ነው።

ለልምምዱ እንዲረዳን አንድ ሐሙስ ምሽት በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ በወሊዩ በአው አባድር መቃብር ዘንድ ዚክሪ (በከበሮ የታጀበ የአላህ ውዳሴ) ሲደረግ በፈቃድ ተገኝተናል፤ ተዋናይቷ የወፎቹን የጉዞ ምት ያገኘችው ከዚያ ነው።

በታሪኩ ከነቢዩ ሱለይማን (ሰሎሞን) መልእክተኛነቱ የተነሳ በከተማችን ልጆች ዘንድ እንግዳ ያልሆነው ሁድሁድ የተባለው ባለ ጉትዬ ወፍ፣ ወፎቹን ሰባት ሸለቆ አሻግሮ ወደ ንጉሣቸው ወደ ሲሙርግ ሊወስዳቸው ይነሳል። ዳክዬዋ ከውኃዬ አልለይም፣ ጉጉቱ ፍርስራሽ ውስጥ ያለ ሀብቴን ትቼ አልሄድም ሲሉ፣ ልጅቷ ያንኑ ነጠላ አንዴ ክንፍ፣ አንዴ የፒኮክ ጅራት እያደረገች ሁሉንም ሆነች። በመጨረሻ የሚደርሱት ሠላሳ ወፎች ብቻ ናቸው፤ «ሲ ሙርግ» በፋርስኛ «ሠላሳ ወፍ» ማለት ነውና፣ ንጉሡን ሲሹም የሚያዩት ራሳቸውን ነው። ለዚህ ትዕይንት ያሰብነውን ትልቅ መስተዋት ለመከራየት አቅም አልነበረንም። እሷ ግን ከመድረክ ወርዳ ተመልካቾቹን አንድ በአንድ እያስነሳች መቁጠር ጀመረች፤ ሠላሳኛው በር ላይ ቆመው ይመለከቱ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛችን ሆኑ። «ንጉሣችሁን ልታዩ መጥታችኋል፤ እንግዲህ ተያዩ» ብላ ስትመለስ፣ የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ሲተያዩ ቆይተው ነው ጭብጨባው የተሰማው። በመምህርነት ዘመኔ አዳራሻችን እንዲህ ሆኖ አላየሁም።

ትርኢቱን ድሬዳዋ ወስደን ለማሳየት የያዝነው ዕቅድ በመጓጓዣ እጦት ተሰርዟል። የስፖርት ክበቡ ለውድድር ሲሄድ መኪና እንደማይታጣ ግን አስተውለናል። ለመጪው ዓመት ከወላጆች፣ ከቀድሞ ተማሪዎችና ከአስተዳደሩ የምንሻው የመድረክ መጋረጃ፣ ሁለት መብራትና የአንድ ቀን የመኪና ኪራይ ነው፤ የልገሳ መዝገቡ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል።