ለተራራ ብስክሌት ውድድር ሳንባ ብቻ አይበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በስሜንና በባሌ ተራሮች ለበርካታ ቀናት የሚዘልቅ የተራራ ብስክሌት ውድድር እንዲዘጋጅ የሚጠይቀውንና በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። ሐሳቡን ከልብ እደግፋለሁ። ነገር ግን ጸሐፊው፣ በደጋ ተወልዶ ያደገ ወጣት ሳንባው ስለሚያግዘው ብስክሌት ብቻ ከቀረበለት ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል ብለው የደመደሙበትን ክፍል በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም። ለዓመታት በኬፕታውን ስኖር በኬፕ ኤፒክ ተወዳድሬ፣ እንዲህ ያለው ውድድር ሰውን በየት በኩል እንደሚፈትነው በራሴ ላይ አይቻለሁ።

ኬፕ ኤፒክ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ ግዛት የተጀመረ፣ ሁለት ሁለት ሰው ተጣምሮ የሚወዳደርበት የስምንት ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድር ነው። ከአንድ ቀን አጭር መክፈቻ በኋላ ሰባት ቀን በተከታታይ ይጋለባል። መንገዱ በየዓመቱ ቢለዋወጥም፣ ርቀቱ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ሜትር፣ የዳገቱ ድምርም 15,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዳገቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሄድሁት እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብሁት።

ዳገቱን በእርግጥ ወጣሁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እኔና ጓደኛዬ ብዙ ጥንዶችን በዳገት ላይ አልፈን ነበር፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ያለፍናቸው ሁሉ መልሰው አለፉን። የዚያ አገር ተራራ ልል ጠጠር፣ ደቃቅ አሸዋና ስለታም ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው፤ በዚያ ላይ ፍሬን እንደጨመቀ የሚወርድ ሰው ጎማው ይንሸራተትበታል፣ ክንዱ ይዝላል፣ ውሎ አድሮም ጣቶቹ መሪውን መጨበጥ ያቅታቸዋል። ዓይንን ከፊት ጎማ ላይ አንስቶ አርቆ ማየት፣ መቀመጫን ከኮርቻው ከፍ አድርጎ ክብደትን ወደ ኋላ መጣል፣ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ይዞ በመታጠፊያው ውስጥ መልቀቅ በብዙ ልምምድ ብቻ የሚገኝ ጥበብ ነው። እኛ ያደግነው በአስፋልት ላይ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የተሰማኝ ኩራት ዛሬም አለቀቀኝም፤ ሆኖም የጎዳና ብስክሌትና የተራራ ብስክሌት የሚለያዩበት ዋናው ቦታ ቁልቁለቱ መሆኑን ስልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

ከቁልቁለቱም በላይ ልገልጸው የምፈልገው የጥንዶቹን ደንብ ነው። በኬፕ ኤፒክ የሚወዳደረው የሁለት ሰዎች ቡድን ሲሆን፣ ሁለቱ በመንገድ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ መራራቅ አይፈቀድላቸውም፤ ከተራራቁ ይቀጣሉ። አንዱ ካቋረጠ ሌላው ብቻውን መቀጠል ቢችልም በደረጃ ውስጥ አይቆጠርም። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ከሙቀቱና ከአቧራው ብዛት ሆዱ ታወከ፤ የሚጠጣው ውኃ እንኳ አልረጋለት አለ። በረጅሙ ዳገት ላይ እግሬ በርትቶ ስለነበር፣ ከላይ እጠብቀዋለሁ ብዬ ትቼው ወጣሁ። መቆጣጠሪያው ጣቢያ ደርሼ ዞር ብል አልነበረም። ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። የሰዓት ቅጣት ተጨመረብን፤ እኔን ያሳፈረኝ ግን ቅጣቱ አልነበረም፤ በዚያ ሙቀት ታሞ ብቻውን ዳገቱን ሲገፋ እኔ በሳንባዬ ተመክቼ ከፊቱ መሄዴ ነበር።

ከዚያን ቀን በኋላ በዳገት ላይ ከኋላው ሆኜ እርሱ በሚችለው መጠን ብቻ መጋለብን ተማርሁ። ለበረታ እግር ቀስ ብሎ መሄድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም።

የዚህን ውድድር ታላላቅ ስሞች ያየ ሰው ድሉ የሁለት ሰው መሆኑን ይረዳል። በመጀመሪያው ውድድር ከጀርመናዊው ካርል ፕላት ጋር ያሸነፈው የናሚቢያው ማኒ ሄይማንስ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ክሪስቶፍ ሳውዘር አምስት ጊዜ ሲያሸንፍ ሁለቱን፣ እ.ኤ.አ. የ2011ንና የ2012ን፣ ያገኘው ከደቡብ አፍሪካዊው ቡሪ ስታንደር ጋር ነው። ስታንደር እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ በልምምድ ላይ ሳለ በታክሲ ተገጭቶ በ25 ዓመቱ ሞተ። ሳውዘር በዚያው ዓመት ከሌላ ጓደኛ ጋር ተሰልፎ እንደገና አሸነፈ፤ የዚያን ዓመት ድል ስታንደርን ሳያስታውስ የሚያነሣ የብስክሌት ወዳጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የመጨረሻውን መስመር ማለፍም የቀኑ ሥራ ማለቂያ አይደለም። ወዲያው መብላት፣ ብስክሌቱን ማጠብ፣ ካቴናውን ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ ጎማውን መዳሰስ፣ ኮርቻ የላጠውን ገላ አጥቦ መድኃኒት መቀባት፣ ከዚያም በድንኳን ውስጥ በጊዜ መተኛት ያስፈልጋል። ገላቸው በኮርቻ ቆስሎ መቀመጥ አቅቷቸው የተመለሱ ብርቱ ሰዎችን አይቻለሁ።

ስለዚህ በአገራችን ውድድሩ ሲታሰብ በባሌ ተራሮች ባለው በሳነቴ አምባ እንዳይጀመር አሳስባለሁ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዝቅተኛ አገር የሚመጣ እንግዳ በዚያ ከፍታ ላይ ሲታመም ፈጥኖ ወደ ታች ማውረድ ካልተቻለ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ቦታው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። እንጦጦን በመሰለ ለሆስፒታል ቅርብ በሆነ ተራራ፣ በሦስት ቀን ብቻ፣ ቁልቁለት መውረድን የሚያስተምር ስልጠና ቀድሞለት ቢጀመር ይሻላል። የመንደር ጎሚስታዎችም ተራራ ላይ ካቴና መቀጠልና የተቀደደ ጎማ መድፈን ሰልጥነው በየጣቢያው ቢሰለፉ፣ ከውጭ ባለሙያ ከማስመጣት የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ከሁሉም በላይ የሁለት ደቂቃው ደንብ ሳይሸራረፍ እንዲወሰድ እለምናለሁ። ልጆቻችን በሩጫ ስማቸው የታወቀው በግል ሜዳሊያ በመሆኑ፣ ይህ ደንብ መጀመሪያ ላይ የበረታውን የሚያስር መስሎ ሊታያቸው ይችላል።

ጋዜጣችሁም ውጤት ሲዘግብ የሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ቢያትም ደስ ይለኛል። በዚህ ውድድር የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ሁለተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው። በሰባተኛው ቀን እኔ በተራዬ ደክሜ፣ ዓይኔ ጭጋግ ለብሶ ስጎተት፣ ጓደኛዬ በየመታጠፊያው ዞር እያለ ይጠብቀኝ ነበር፤ በመጨረሻውም መስመር እርሱ ቀድሞ አለፈ፣ ሰዓቱ የተያዘው ግን በእኔ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ