የኮምፒውተር ክበብ፦ የጥያቄ ምልክት ያለባት ሳጥን

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን የከረመው አንዲት ሳጥን ላይ ነው። ቢጫ ናት፤ ፊቷ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕሪው ማሪዮ ዘሎ ከታች ሲመታት ሳንቲም ወይም እንጉዳይ ትሰጣለች። ማሪዮን የተጫወተ ሁሉ ያውቃታል።

ኅዳር ላይ ልጆቹ «የራሳችንን ጌም እንሥራ» አሉ። እኔም «መጀመሪያ የሰው ሥራ እንይ» አልኩ። የጌም ኩባንያው የኒንቴንዶ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1985 ጃፓን ውስጥ የወጣ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ አጀማመር ባለ ካሬ ደብተር ላይ ካሬ በካሬ ቀዳነው። ሦስት ዓርብ ፈጀብን። መብራት ሲጠፋም ደብተሩ አላስቆመንም።

ነገሩ የገባን ስንቀዳው ነው። መጀመሪያ አንዲት ሳጥን ብቻዋን አለች፤ ሲመቷት ሳንቲም። ስለዚህ መምታት ያዋጣል። ቀጥሎ ጡቦችና ሳጥኖች ተሰልፈዋል፤ ከአንዷ እንጉዳይ ይወጣል። ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መሬት ይወርዳል፣ ከአረንጓዴው ቱቦ ጋር ይጋጭና ወደ ማሪዮ ይመለሳል። ጠላት መስሎት ዘሎ ሊያመልጥ የሚሞክር ሰው እንኳ ከላይ ያሉት ጡቦች ይይዙታል። እንጉዳዩን ሳያስበው ይነካዋል፤ ነክቶትም ያድጋል። አንድ ቃል ሳይጻፍ ትምህርቱ ተሰጠ! እኔ እንደ መምህር ቀናሁ።

ከዚያ ተከታዮቹን አየን። ሱፐር ማሪዮ ወርልድ (1990) ላይ በነጠብጣብ ብቻ የተሳሉ ሳጥኖች አሉ፤ ትልቁን ባለ ቀለም ቁልፍ ፈልጎ ለረገጠ ሰው ጠንካራ ይሆናሉ። ሱፐር ማሪዮ 64 (1996) ላይ ደግሞ ቀዩ ሳጥን የሚያስበርር ኮፍያ ይሰጣል፤ አረንጓዴው ማሪዮን ብረት ያደርገዋል። የእሽቅድምድም ጌሙ የማሪዮ ካርት ሳጥኖች ይቆጠሩ አይቆጠሩ በሚለው ሁለት ሳምንት ተከራከርን። እኔ ይቆጠሩ ባይ ነኝ። ወደ ኋላ ለቀረ ሰው የተሻለ ነገር ይሰጣሉና።

የራሳችንን ጌም በስክራች፣ ለልጆች በተሠራው የኮድ መጻፊያ፣ ሠራን። እንጉዳያችን ግን አንድ ቦታ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከኮዱ ጋር አራት ቀን ታገለች። «አረንጓዴ ስትነካ ተመለስ» ብለን ጽፈን ነበር። ለካ ሣሩም አረንጓዴ ነው! ሣሩን ቡናማ ቀባችውና እንጉዳዩ መሄድ ጀመረ። የዓመቱ ትልቁ ደስታዬ ያ ከሰዓት ነው።

በወላጆች ቀን ጌም ነክተው የማያውቁ አንዲት እናት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ማንም እንዳይነግራቸው ተስማምተን ነበር። የመጀመሪያዋን ሳጥን መቱ፤ ሳንቲም። ሁለተኛዋን መቱ። እንጉዳዩ ወጣ፣ ከቱቦው ተጋጨ፣ ተመለሰ። እናትየው «ውይ!» ብለው ዘለሉ፤ ጡቡ መለሳቸው። ገጸ ባሕሪው አደገ። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ፤ እሳቸው ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩንም፤ ሦስተኛዋን ሳጥን እየፈለጉ ነበር።