እጄ ላይ የቀረው ጆሮ

አንቺዬ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ኖሬ ዛሬ "እንዴት ከረምሽ" ብልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ፣ ይገባኛል። "ሞተሻል ወይስ ሙዚየም ገብተሻል?" ያልሽኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ፣ ልመልስ እልና ነገ እላለሁ። ነገን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሳምንት ያለፈው መልስ ይቅርታ ይፈልጋል፣ ዓመት ያለፈው ደብዳቤ ይፈልጋል። ይኸው ደብዳቤው።

አልሞትኩም። ሙዚየም ገብቻለሁ።

የሙዚየም ጥናት በዲግሪ ልማር ነው ስልሽ "ከዚያ ምን ልትሆኚ? ዘበኛ?" ብለሽኝ ነበር። አልተቀየምኩሽም፣ ቤተሰቦቼም ከዚህ የተሻለ ነገር አላሉም። እኔም ብሆን መስታወት ሳጥን አጠገብ ቆሞ ለጎብኚ ማስረዳት ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ትምህርቱ በብዙ አገር የሚሰጠው በሁለተኛ ዲግሪ ነው፣ ታሪክ ወይ አርኪዮሎጂ የጨረሰ ሰው ነው የሚገባበት። እኛ ከመጀመሪያው ስለገባንበት ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ያቀምሱናል። ጠዋት ታሪክ ነው፤ ኦክስፎርድ ያለው አሽሞሊያን ሙዚየም በ1683 እንደተከፈተ፣ ፓሪስ ያለው ሉቭር ደግሞ በ1793፣ የፈረንሳይ አብዮት መሃል ላይ፣ የነገሥታቱ ቤት የነበረው ሕዝብ ይግባበት እንደተባለ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደነግጪ)። ከሰዓት ኬሚስትሪ። አዎ፣ ያ ስሸሸው የኖርኩት ኬሚስትሪ! በማግስቱ ሕግ፣ ከዚያ ሕፃናትን ማስጎብኘት፣ ከዚያ በጀት።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገርሽ። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የተቋቋመው በ1946 ነው። "ሙዚየም ምንድን ነው" በሚለው ላይ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ሲጨቃጨቁ ነበር። በ2019 ኪዮቶ ላይ አዲስ ትርጉም ቀርቦ ሳይስማሙ ተለያዩ፣ በ2022 ፕራግ ላይ ነው ድምፅ ሰጥተው የተገላገሉት። ለፈተና በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለትርፍ ያልቆመ፣ ቋሚ፣ ኅብረተሰብን የሚያገለግል እያለ ይቀጥላል። ባለሙያዎቹ ይህን ያህል ከተቸገሩ አንቺ ዘበኛ ብትዪኝ ምን ይገርማል።

አሁን ዝም ወዳልኩበት ነገር ልምጣ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ አንድ ሙዚየም ተመደብኩ። ስሙ ይቅር። አዳራሹ ውስጥ የምሠራ መስሎኝ ጫማዬን ሳይቀር አስተካክዬ ሄድኩ፣ እነሱ ግን በቀጥታ ክምችት ክፍል አስገቡኝ። ሙዚየም ማለት ለካ እሱ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም 8 ሚሊዮን ያህል ዕቃ አለው፣ በአንድ ጊዜ ለዕይታ የሚያወጣው 80,000 ገደማ ነው። ከመቶ አንድ። የቀረው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፣ ጨለማ ውስጥ፣ ቁጥር ተጽፎበት። እኔ የገባሁበት ትንሽ ነበር፣ ነገሩ ግን ያው ነው። መስኮት የለም። ሙቀትና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ግድግዳው ላይ አለ። መሬት ላይ ደግሞ የሚያጣብቅ ወረቀት ተነጥፎ ነፍሳት ይያዙበታል፣ እኛ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ እንቆጥራቸዋለን። ሱፍና ላባ የሚበላ ትል ከተገኘ ልብሱ በፕላስቲክ ታሽጎ ፍሪዘር ይገባል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል። ለዲግሪ በረሮ እየቆጠርኩ ነው ብዬ ልጽፍልሽ የነበረው ያኔ ነው። ምነው ያኔ በጻፍኩልሽ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአንዲት ማሰሮ የሁኔታ መግለጫ መጻፍ ነበር። ጭብጥ የምታህል፣ ባለ አንድ ጆሮ ማሰሮ። በአስር ደቂቃ ጨርሼ "ቆንጆ፣ አሮጌ፣ ትንሽ የተሰነጠቀች" ብዬ አቀረብኩ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አንብበው ሦስቱንም ቃል ሰረዙት። ቆንጆ ለማን? አሮጌ ስንት? ትንሽ ማለት ምን ያህል? ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስንጥቁ ከአፏ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ወደ ቀኝ አጋድሎ 4 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ሆዷ ላይ የጣት አሻራ አለ፣ ሸክላው እርጥብ እያለ የገባ። ሠሪዋ ናት፣ ወይም ሠሪው። ጣቴን አስጠግቼ ስለካው የኔ ይበልጥ ነበር። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ አንቺዬ፣ ለአንዲት ማሰሮ።

ከዚያ ወደ መደርደሪያዋ ልመልሳት ብድግ አደረግኳት። በጆሮዋ።

ሕጉን አውቀዋለሁ! አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከጎን፣ በጆሮ በጭራሽ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ፈተና ላይ መጥቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበት ነበር። ማሰሮዋ ጠረጴዛው ላይ፣ ስፖንጁ መሃል ቀረች፣ ጆሮው እጄ ላይ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። እንደ ደረቀ ዳቦ ነው የተላቀቀው።

ኃላፊዋ አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ጆሮውን አስቀምጪው፣ እጅሽን አንሺ፣ አሁን ጻፊ" አሉኝ። ቀን፣ ሰዓት፣ የዕቃው ቁጥር፣ ምን ሆነ። እየተንቀጠቀጥኩ "ጆሮው ተላቀቀ" ብዬ ጻፍኩ። አዩትና "ብቻውን ነው የተላቀቀው?" አሉኝ። ሰርዤ "ሳነሳት አላቀቅኩት" ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ከሥሩ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ዱቄት ሳይቀር በብሩሽ ተሰብስቦ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ገባ፣ የማሰሮዋ ቁጥር ተጻፈበት።

ከዚያ ነው የተሰበረበትን ፊት በማጉያ ያሳዩኝ። ቢጫ የሆነ ያረጀ ሙጫ። ጆሮው ድሮም ተሰብሮ ነበር። ከኔ በፊት የሆነ ሰው ሰብሯታል፣ ለጥፏታል፣ ምንም ሳይጽፍ መልሶ አስቀምጧታል። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥን፣ አንዲት መስመር የለችም። እኔ በጆሮዋ ማንሳት አልነበረብኝም፣ እሱ የኔው ጥፋት ነው። ግን እሱም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዝም ባይል ኖሮ ማሰሮዋ በሌላ ሳጥን፣ በሌላ ማስጠንቀቂያ ነበር የምትቀመጠው።

ይኸውልሽ፣ ይህን ሁሉ አይቼ እኔም ቤቴ ገብቼ ዝም አልኩ። ለአንቺ ብነግርሽ "አላልኩሽም?" የምትዪኝ መሰለኝ። ትምህርቱን ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር። አንድ ወር ያህል ከማንም አላወራሁም፣ ከዚያ ለሌላው ቀስ በቀስ መለስኩ፣ ላንቺ ግን ቀልዱን ስለማውቀው ፈራሁት። ቂል ነኝ።

ጆሮው በኋላ ተጠገነ። ያጣበቁት ፓራሎይድ ቢ-72 በሚባል ሙጫ ነው፣ በአሴቶን መልሶ ይሟሟል። የሙያው ሕግ ነው፤ ዛሬ የምታደርጊውን ነገ የሚመጣው ሰው መፍታት እንዲችል አድርጊው። ቁጥሩም የሚጻፈው እንደዚያው ነው፣ ከሥሩ ያንኑ ነገር ቀብተሽ፣ በላዩ በቀለም ጽፈሽ፣ ደግመሽ ትቀቢዋለሽ። ጨርቅ ከሆነ ቁጥሩ በጥብጣብ ተጽፎ ይሰፋል። ቁጥሩ መጀመሪያ ዕቃው የገባበትን ዓመት ይይዛል፣ ከዚያ በዚያ ዓመት ስንተኛው ርክክብ እንደሆነ፣ ከዚያ የዕቃውን ተራ። አሁን በእንቅልፌም ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው መዝገብ የሚባለውን ነገር የወደድኩት። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ኤግዚቢሽን መሥራት ነው የሚፈልገው፣ መብራቱ፣ ቀለሙ፣ ምርቃቱ። እኔ ካርድ መሙላት እፈልጋለሁ፣ ሳቂ። ግን አስቢው። በ2023 ብሪቲሽ ሙዚየም 2,000 የሚሆኑ ዕቃዎች ጠፍተው፣ ተሰርቀው ወይም ተጎድተው እንደተገኙ ሲናገር ብዙዎቹ በወጉ ያልተመዘገቡ ነበሩ። ያልተጻፈ ዕቃ ሲጠፋ ምን ጠፋ ትያለሽ? የሪዮው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየምስ? ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018 ሌሊቱን ሲነድ አደረ፣ 20 ሚሊዮን ያህል ዕቃ ነበረው፣ አብዛኛው አመድ ሆነ። በማግስቱ እዚያው ከተማ ያሉ የሙዚየም ተማሪዎች፣ እንደኔ ያሉ ልጆች ማለት ነው፣ ሙዚየሙን ጎብኝታችሁ ፎቶ ያነሳችሁ ላኩልን ብለው ለሕዝብ ጥሪ አደረጉ። ሰው ሰልፊውን ሁሉ ላከ። አንዷ ስትስቅ ከጀርባዋ ያለው ሳጥን ነው የሚፈለገው። ይህን ክፍል ውስጥ ስሰማ ወደ መስኮት ዞሬ ነበር፣ እንዳያዩኝ።

የዕቃ መመለስ ክርክሩንም እንደ ጉድ ነው የምንማረው። የቤኒን ነሐሶች (ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለው ከጥንቱ የቤኒን መንግሥት የተወሰዱ ቅርጻ ቅርጾች) በ1897 በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው በየአገሩ ተበተኑ፣ ጀርመን በ2022 እሷ ጋ ከነበሩት የብዙዎቹን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላለፈች። የመቅደላውን አንቺም ስለምታውቂው አላነሳውም። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ አንዳንድ መዝገብ ላይ "ስጦታ" የሚል አንድ ቃል ይኖርና ያበቃል። ሰጪው ከየት አመጣው? ባዶ ነው። ያም ዝምታ ነው፣ ያውም አውቆ የተደረገ።

ሁሉንም አሳምሬ አልነግርሽም። ሥራ የሚገኝ አይመስለኝም፣ ቢገኝም ደሞዙ እንደማያወፍረኝ ከወዲሁ ነግረውናል። ግማሹ ትምህርት ደግሞ ደረቅ ነው፣ ስለ ጎብኚ መጠይቅ የተማርነው አንድ ሙሉ ሴሚስተር በሁለት ሳምንት ያልቅ ነበር። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ መመረቂያ ጽሑፌ ያረጁ የዕቃ ካርዶች ላይ ነው፣ በተለይ ባዶ የቀሩት ቦታዎች ላይ። ለጊዜው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያ ደረጃው ላይ ተቀምጠን የተነሳነው ፎቶ አንቺ ጋ ነው ያለው አይደል? ግድግዳ ላይ ከሆነ አውርጂው፣ ብርሃን የበላው ቀለም አይመለስም። ጨርቅና ወረቀትን እኛ ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ደብዛዛ ብርሃን ነው የምናሳየው፣ እሱም ለጥቂት ወራት። ከዚያ ገልብጪውና ጠርዙ ላይ፣ ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ሳትጫኚ፣ ማን ማን እንደሆንን ጻፊበት። በእስክሪብቶ እንዳትሞክሪው፣ ወደ ፊት ለፊቱ ይወጣል። መሃላችን የቆመችውን ልጅ ስም እኔ ረስቼዋለሁ፣ ስንት ቀን አሰብኩት። አንቺ ታስታውሻለሽ።

ስሟን ስትጽፊ ለኔም ላኪልኝ። ወይ ደውዪ። አነሳለሁ።

ያንቺው ዘበኛ