ዝም ብለሽ ዝፈኚ ላሉሽ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የኮንሰርቱ አዘጋጅ «ዓረብ አገር ስላሉት የቤት ሠራተኞቻችን መድረክ ላይ አታንሺ፣ ዝም ብለሽ ዝፈኚ» እንዳለሽ ስትነግሪኝ ከነከነኝ። እስኪ ስለ ደቡብ አፍሪካዊቷ ዘፋኝ ስለ ሚሪያም ማኬባ ላጫውትሽ።

ማኬባ በተወለደች በ18 ቀኗ እናቷ ታሰሩ። ጥፋታቸው ምን መሰለሽ? እንደኛ ጠላ ያለ፣ ቤት ውስጥ የሚጠመቅ መጠጥ መሸጥ። በጊዜው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለጥቁር ክልክል ነበር። ሕፃኗም ስድስት ወር ከእናቷ ጋር እስር ቤት ቆየች። እናትየዋ የነጮች ቤት ሠራተኛም ነበሩ።

ኋላ ድምጿ አሜሪካ አደረሳት። በ1952 ዓ.ም. እናቷ ሞቱ። ልቅበር ብላ ስትነሳ ፓስፖርቷ ተሰርዟል። እናትን አለመቅበር በእኛ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚሁ አዲስ አበባ መጥታ መሪዎቹ ፊት ዘፈነች። ሐምሌ ላይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ፊት ቀርባ አፓርታይድ ስለሚባለው የአገሯ የዘር መድልዎ አገዛዝ መሰከረች። መንግሥቷ ዜግነቷን ነጠቃት፤ ሸክላዎቿንም አገደ።

ይሄስ ከጠላት የሚጠበቅ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የአሜሪካው ነው። በ1960 የጥቁሮች መብት ታጋዩን ስቶክሊ ካርማይክልን ስታገባ ኮንሰርቶቿ ተሰረዙ፤ የሸክላ ውሎቿም ፈረሱ። የሩቁን በደል ስትናገር ጎሽ ያሏት፣ ነገሩ ወደ ራሳቸው ጓዳ ሲጠጋ ፊት ነሷት። ጊኒ ሄዳ ኖረች። አንቺም ይሄን ጠብቂ። ዛሬ «አይዞሽ» የሚልሽ ሁሉ ነገ አይገኝም።

እሷ ግን አልተወችም። ጥቅምት 2001 ጣሊያን ካስቴል ቮልቱርኖ፣ ማፊያን ያጋለጠን ጸሐፊ ለመደገፍ ዘፍና እንደወረደች ልቧ ቆመ። 76 ዓመቷ ነበር። እዚያው ከተማ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስድስት አፍሪካውያን ስደተኞች ተገድለው ነበር።

አንቺ የምታነሺውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2012 ቤይሩት፣ አሠሪዎቻቸው ቆንስላችን ደጃፍ አውርደው የጣሏቸውን የቤት ሠራተኛ ልጆቻችንን አይተናል። ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልት ላይ ተኝተው ነበር። እዚያ ከፋላ በሚባለው የቅጥር አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። የአሠሪዋን ቤት ለቃ ከወጣች ሕገወጥ ትባላለች። ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ በእመቤቲቱ እጅ ነው።

ስለዚህ ተናገሪ። ስትናገሪ ግን የምትጠይቂው ነገር ተለይቶ ይታወቅ። ማኬባ «ግፍ ይቁም» ብቻ ብላ አልተቀመጠችም፤ «መሣሪያ አትሽጡላቸው» አለች። አንቺም ፓስፖርታቸው ይመለስ፣ ያልተከፈለ ደሞዛቸው ይከፈል በይ። ልጆቹን ሳታስፈቅጂ ደግሞ ፎቷቸውን እንዳትለጥፊ።

ከቤይሩት የተመለሰችው የአክስትሽ ልጅ ስሜ ካልተጠራ ሁሉንም እነግራታለሁ ብላለች። ከሥራ የምትወጣው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደውይላት።

እናትሽ