መታጠፍንም እናስተምራቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የክረምት ዕረፍት በመጣ ቁጥር በባሕር ዳር ብስክሌት ተከራይተው የሚለማመዱ ልጆች ይበዛሉ። አባት ወይም ታላቅ ወንድም ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል፤ ልጁ ሳይወድቅ ጥቂት ሜትር በቀጥታ ከሄደ «ቻልክ!» ይባልና ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። እኔም እንዲሁ «ቻልክ» በተባልኩ በሦስተኛው ቀን ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ የክርኔን ቆዳ አስፋልቱ ላይ ትቼ ተመለስኩ።

ያን ቀን የሠራሁትን ስሕተት ዛሬም በየመታጠፊያው አያለሁ። ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ፈራሁና ፍሬን ያዝኩ፤ ዐይኔንም የፈራሁት ጠጠር ላይ ተከልኩ፤ ብስክሌቱም ወደዚያው ወሰደኝ። ጎማ መሬት የሚቆነጥጥበት አቅም የተወሰነ በመሆኑ፣ እንዲታጠፍም እንዲቆምም በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይከዳል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከኩርባው በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። 5 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 9 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ሲበቃው፣ በ20 ኪሎ ሜትር ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ማዘንበል ግድ ይለዋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጎማው የሚሸከመው የጎን ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና። ዝናብ ያራሰው ወይም አሸዋ የተበተነበት መንገድ ይህን ላይሸከም ይችላል።

«መሪውን አዙር» የሚለው ምክርም የሚሠራው በእግር ጉዞ ፍጥነት ብቻ ነው። ፈጠን ሲባል ብስክሌት የሚታጠፈው በማዘንበል ሲሆን፣ ወደ ቀኝ ለማዘንበል መሪው አስቀድሞ ለቅጽበት ወደ ግራ ይዞራል፤ ሰውነታችን ይህን ሳንነግረው ያደርገዋል። ያላመነ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ እየሄደ ቀኝ እጀታውን ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይግፋና ወዴት እንደሚያጋድል ይመልከት። በሚታጠፉበት በኩል ያለው ፔዳል ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ያለዚያ መሬት ይነካል።

ወላጆችና አከራዮች ልጁ ቀጥታ መሄድ ከለመደ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲጨምሩለት እለምናለሁ። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሜዳ ላይ አራርቆ አቁሞ፣ ጠርሙሱን ሳይሆን መውጫውን እያየ በዙሪያቸው ስምንት ቁጥር እንዲሠራ ማድረግ ይበቃል። ባለፈው እሑድ ልጄን እንዲህ ሳለማምዳት ወደ ግራ እንደ ውኃ ስትፈስ፣ ወደ ቀኝ ግን አራት ጊዜ እግሯን መሬት አስነካች፤ በቀጥታው መንገድ ላይ ይህን ልናውቅ አንችልም ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር