የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሶዳ ለንብ፣ አቼቶ ለተርብ?

የንብ መርዝ አሲድ፣ የተርብ መርዝ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ለንብ ሶዳ፣ ለተርብ አቼቶ ይቀባል ይባላል። ክበባችን ዘንድሮ የፈተሸው ይህን አባባል ነው።

ኢንዲኬተራችን፣ ማለትም አሲድና ቤዝን በቀለሙ የሚለየው፣ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የተገዛ ከርከዴ ነው። 10 ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ ማጥለል ይበቃል። አቼቶ ሲነካው ደማቅ ቀይ፣ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። በድሬ የቧንቧ ውኃ ሲቀጥን ግን ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ኖራ የሚመጣው ከዚሁ ውኃ ነው። ስለዚህ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ተጠቀምን። ሲገዛ ጽሑፉ ይነበብ፤ አብሮት የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው።

ብርጭቆ ውስጥ አባባሉ ይሠራል። 5 በመቶ አሲድ ያለው 10 ሚሊ ሊትር አቼቶ በ0.7 ግራም ሶዳ ይመክናል፤ አሲድነቱ ይጠፋል። ቆዳ ግን ብርጭቆ አይደለም። በቆዳ ምትክ 10 ግራም ጄላቲን በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሙተን ጥቂት ከርከዴ ጨመርን፤ ከርከዴው ራሱ አሲድ ስላለው ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ እስኪዞር ሶዳ በቁንጥጫ ነሰነስንበት። በጥቅምት የሠራነው ጠረጴዛው ላይ ቀለጠ፤ ጄላቲን ከ30 ዲግሪ በላይ አይጸናም። በጥር፣ ገና በማለዳ ሲሠራ ረጋ። መምህሩ በኢንሱሊን መርፌ 0.05 ሚሊ ሊትር አቼቶ 3 ሚሊ ሜትር ዘልቆ ወጋ፤ ተማሪዎች ከላይ የሶዳ ልጥፍ ለጠፉበት። ሶዳው ቀዩ ነጥብ ጋ እስኪደርስ ከ1 ሰዓት በላይ ፈጀ። የእውነተኛው ቆዳ የላይኛው ሽፋን ደግሞ ከጄላቲን ይልቅ እጅግ አያሳልፍም።

አንድ ቡድን ጄላቲኑ ውስጥ ሶዳ አብዝቶ ቀዩ ነጥብ ብዙ ሳይቆይ ጠፋበት። ሥራው የተበላሸ መስሏቸው ነበር፤ በእኛ ግምት ግን የዓመቱ ምርጥ ውጤት ይህ ነው። አሲዱን ያመከነው ጄላቲኑ ውስጥ የነበረው ሶዳ ነው። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው፤ ሶዳ ውስጥም ባለው ባይካርቦኔት አማካይነት የደማችንን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.35 እስከ 7.45 ይጠብቃል። ንብ የምትተወው ደረቅ መርዝ 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ አሲዱን ሰውነት ራሱ ያመክነዋል። ሕመሙ የሚቀረው የመርዙ ግማሽ ያህል ሜሊቲን የተባለ፣ የሕዋስ ሽፋን የሚበሳ ፔፕታይድ (ትንሽ ፕሮቲን መሰል ውህድ) ስለሆነ ነው፤ እሱን ሶዳ አይነካውም። የተርብ መርዝ ደግሞ ለገለልተኛ የቀረበ ነው፤ አቼቶው የሚያመክነው ቤዝ የለም።

ሶዳ የሚረዳው ፎርሚክ አሲድ የሚረጭ ጉንዳን ቆዳ ላይ ሲረጭ ነው፤ አሲዱ ገና ላይ ነውና። ያኔም ቢሆን በብዙ ውኃ ማጠብ ይቀድማል።

ሎሚ መጭመቅ ግን ይቅር። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ንብ ከነደፈች መንደፊያው ተነቅሎ ከቀረ በኋላም መርዝ ስለሚገፋ በጥፍርም ቢሆን በሰከንዶች ውስጥ ይውጣ፤ ቦታው በሳሙና ይታጠብ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 10 ደቂቃ ይያዝበት። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ መላ ሰውነት ሽፍ ካለ ወይም ራስ ካዞረ የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ነው፤ የተነደፈው ሰው ሳይውል ሳያድር ሳይሆን በዚያው ደቂቃ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።